የቼልተናም ውሃ በኮሎምቢያ ሃይትስ

ውሃ ለድሃ ጥም መቁረጫ ነው፤ ለሀብታም ግን እንዲህ ያለ ተራ አገልግሎት አይመጥነውም። ሀብታም ውሃ ለመጠጣት በመጀመሪያ መታመም አለበት። ከዚያ ሐኪም ያማክራል፣ ሻንጣ ያስጭናል፣ በሠረገላ ሲንገላታ ሰንብቶ ከገዛ ጓሮው ከሚፈልቀው በጣዕሙ የከፋ ውሃ ካለበት አገር ይደርሳል፤ እዚያም ፊቱን ሳያኮሳትር ይጠጣና ተሻለኝ ይላል። ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። የእንግሊዝን የውሃ ከተሞች ታሪክ በሚኒሶታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሐበሻ የለም። ሐበሻ ብዬ የወሰንኩት ለትሕትና ነው እንጂ ፈረንጅም የሚኖር አይመስለኝም።

ከየት አመጣኸው የሚለኝ ይኖራል። ከሽምግልና ነው ያመጣሁት። ሌላው ሰው ከሽምግልና ሪህ ያተርፋል፤ እኔ የእንግሊዝ ታሪክ አተረፍኩ።

ነገሩ የሆነው አውሮፕላን ማረፊያዎች ውሃ በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባትን በከለከሉ ሰሞን ነው። ጊዜውን በዚህ የማስታውሰው በሥራዬ ምክንያት ነው። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ። ዝቅ ያለ ሥራ የሚመስለው ካለ ልንገረው፤ በእነዚህ በሁለት እጆቼ ያልተገፋ ትልቅ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ሦስት ጄኔራሎች ገፍቻለሁ። አንድ ከዙፋኑ የወረደ ንጉሥም ገፍቻለሁ። ንጉሥ መሆኑን አፍ አውጥቶ አልነገረኝም፤ ግን ከበር እስከ በር ስገፋው አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ከንጉሥ በቀር ይኼን ማን ይችለዋል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ደምሴ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ኒው ሆፕ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ከባለቤቱ ከጥሩነሽ ጋር ኮሎምቢያ ሃይትስ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ መጸዳጃ ባለው አፓርትመንት ይኖራል። የመጸዳጃውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አንዲት ልጅ አላቸው፤ ማርታ ትባላለች፤ በዘጠኝ ዓመቷ መጥታ እዚሁ ተምራ ነርስ ሆነች። ይህች ልጅ ቶም የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ወደደች፤ ቶምም ቀለበት አሰረላት። ጥሩ ልጅ ነው። ብቻ ድምፁ ከከንፈሩ አልፎ ስለማይወጣ ምን እንዳለ ለማወቅ ጆሮን አፉ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ሌላው ጉድለቱ ደግሞ በዚህ አገር አንድም ዘመድ የሌለው መሆኑ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ሽማግሌ ከየት አምጥቶ ይልካል? ማርታ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ፕሊስ» አለችኝ፤ «እርስዎ ያውቁበታል። አባዬ ኖ ካለ ቀለበቱን እመልሳለሁ። አባቴን አስቀይሜ የምሠራው ቤት ቤት አይሆነኝም።»

የአባቷ ልጅ ናት፤ እመልሳለሁ ካለች ትመልሳለች። ስለዚህ የቶም አባት፣ አጎት፣ የነፍስ አባት ሁሉ ሆንኩለት። ብቻዬን እንዳልሆን ብሩክሊን ፓርክ ሱቅ ያለውን ሰይድን ይዤ ሄድኩ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው። በሽምግልና ሙያ ወሎዬን የሚያህል የለም፤ ነገሩን ቅቤ ቀብቶ ያስገባልሃል፤ መግባቱን የምታውቀው ከገባ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደምሴ ተቀመጡ አለን፤ አንቀመጥም አልን። የወጉ መሠረት ይኼ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም ከተቀመጠ ነገሩን በገዛ መቀመጫው ደፈጠጠው ማለት ነው። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አልን። ደምሴም የማን ወገን እንደሆነ ጠየቀ። ሰይድ በኩራት፣ የእንግሊዝ ልጅ ነው አለ።

«እንግሊዝ አገር እንጂ ቤት አይደለም» አለን ደምሴ፤ «ከየትኛው ቤት ነው?»

መልሱን ይዘን እንድንመለስ ቀጠሮ ተሰጠንና ወጣን። በሁለተኛው ቀን ሰይድ የልጁን የፓስፖርት ኮፒ፣ የመንጃ ፈቃዱንና ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ በላስቲክ አቃፊ አድርጎ ይዞ መጣ። ደምሴ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አገላብጦ አየና፣ ይኼማ ፖሊስ ሲያስቆመው የሚያሳየው ነው፣ ለእኔ አገሩን ንገሩኝ ብሎ መለሰልን። ለሦስተኛ ጊዜም ቀጠረን፤ ይኼ የመጨረሻዬ ነው ብሎ። ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። የቶም እናት ለዚሁ ብላ ከእንግሊዝ ልትመጣ ነው፤ በማግስቱ እሑድ ትመለሳለች። እንግዲህ ነገሩ ቅዳሜ አለቀ አለቀ፤ ካላለቀም አለቀ።

ታሪክ አስተማሪ የቆጨው ዕለት ላይብረሪ ይሄዳል። የቶም የትውልድ ከተማ ቼልተናም እንደሚባል ማርታ ነግራኝ ስለነበር፣ ስለ ከተማዋ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አውጪልኝ ብዬ የላይብረሪዋን ሴት አስቸገርኳት። ሁለት አመጣችልኝ፤ እኔ ግን ሳነባቸው አርባ ሆኑልኝ። እስቲ የከተማዋን ነገር በአጭሩ ላጫውታችሁ።

ቼልተናም መጀመሪያ ላይ ላምና ጭቃ እንጂ ሌላ የምትኮራበት ነገር ያልነበራት መንደር ነች። አንድ ቀን እርግቦች ከአንድ መስክ ላይ ሰፍረው አንነሣም አሉ። ሰው ሄዶ ቢያይ ከምንጩ ዳር የደረቀ ጨው እየለቀሙ ነው፤ ደግሞ ወፍራም እርግቦች ናቸው አሉ። ሰውም እርግብን ካወፈረ እኔን ምን ያደርገኛል ብሎ ጠጣው። ያደረገውን እኔ አልናገርም፤ ጨውና መራራ ነገር ያለበት ውሃ ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ሆድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ የመስኩ ባለቤት ምንጩን አጥሮ ያዘ። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ግን እሱ አይደለም። አንድ ከመርከብ የወረደ ካፒቴን የሰውዬውን ልጅ አገባ፤ ይኼ አማች ነው ጉድጓዱን በጥልቀት ያስቆፈረ፣ ውሃ መሳቢያውን ያስተከለ፣ ጠጪዎች እንዲንሸራሸሩበት መንገዱን በዛፍ ያስዋበ። ይህችን ነጥብ ሳገኝ ላይብረሪው ውስጥ ጠረጴዛ መታሁ፤ ዝም በል ተባልኩ። አማች ያቀናት ከተማ! ከዚህ የበለጠ የሽማግሌ ጥይት ከየት ይገኛል?

ከዚያ አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆዱን አመመው። ከነሚስቱ ከነሴት ልጆቹ መጥቶ ሳምንታት ተቀመጠና ገና ማለዳ እየተነሣ ያንን ውሃ ይጠጣ ጀመር። ንጉሥ የታመመውን በሽታ አልታመምም የሚል መኳንንት የት አለ? አገሩ በሙሉ ሆዴን አለ። ሠረገላ በሠረገላ ላይ ተደራረበ። እንግዳ ሲገባ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወልለታል፤ ማን እንደገባ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል። ሥርዓት አስከባሪ የሚባል ሰው ተሾመ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጨፍር፣ ማን በምን ልብስ ወደ አዳራሽ እንደሚገባ እሱ ነው የሚወስነው። ጠዋት በሙዚቃ ታጅበው ይጠጣሉ፤ ከዚያ በዛፉ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ልጅ ያለው ልጁን ያሳያል፣ ኮፍያ ያለው ኮፍያውን ያሳያል፤ ውሃው ሥራውን ሲጀምር ደግሞ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ተሰነባብተው በፍጥነት ወደየማረፊያቸው ይሄዳሉ። መጽሐፉ ‘በፍጥነት’ አይልም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። ይኼን ሳነብ ቅር አልተሰኘሁም፤ ይልቁንም የራሴን ሰዎች ያገኘሁ መሰለኝ። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ አይጠጡም ነበር? ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ዕለት ሥራ አይታዘዝም፣ ሙግት አይጠራም፣ እንግዳ አይጠይቀውም። ደጃዝማቹም አሽከሩም እኩል የሚሆኑበት አንድ ቀን ቢኖር እሱ ነው። ልዩነቱ እኛ በር ዘግተን ማድረጋችን ነው። እንግሊዞች ግን በዚያው ነገር ላይ ሙዚቃ ጨመሩበት፣ ጋዜጣ ጨመሩበት፣ ከተማ ሠሩበት። ሥልጣኔ ማለት ይኼው ነው።

ሮብ ማታ ከሺፍቴ ስወጣ በቀጥታ ደምሴ ቤት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀጠሮ ድንገት እንዳልደርስበት ነገሩን አስቀድሜ ማለስለሴ ነበር። የከተማዋን ታሪክ ነገርኩት። እርግቦቹን ስነግረው አገጩን ያዘ። ንጉሡን ስነግረው ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ከዚያ ባልጠበቅሁት በኩል መጣብኝ፤ ለሆድ ይሆናል ወይ ሲል ጠየቀኝ።

ለካ የወዳጄ ሆድ አሥራ አንድ ዓመት አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ደርቋል። ጥሩነሽ ከማድ ቤት ሆና፣ የእሱ ሆድ በጥር ወር በረዶ እንደሠራ የሚኒሶታ ሐይቅ ነው፣ መኪና ቢነዱበት ይችላል አለች። እኔም ለሆድማ ንጉሥ የፈወሰ ነው አልኩ። በዚያ ምሽት ከተናገርኩት ሁሉ ያላጋነንኩት ይኼን ብቻ ነበር፤ የጎዳንም ይኼው ነው። ጠበል ነው አላልኩም፤ ይኼን እግዜር ያውቃል። ያልኩት ‘ከጠበል ብዙም አይርቅ’ ነው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ አይደል? ደምሴ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እንግዲያው ሴትዮዋ ስትመጣ ይዛልኝ ትምጣ አለ። ማርታም ያኑ ሌሊት ወደ እንግሊዝ ደወለች።

የቶም እናት ጆይስ ትባላለች። ዐርብ ከሰዓት በኋላ በእኔው በር በኩል ገባች፤ ዊልቸር አቅርቤላት ገና ሰባ ዓመቴ ነው ብላ ገፋችው። በትልቁ ሻንጣዋ ውስጥ፣ በሌሊት ልብሷ የተጠቀለሉ አራት የላስቲክ ጠርሙሶች ነበሩ። ውሃው ለጎብኚ ከሚቀዳበት ቦታ ራሷ ሄዳ ነው የሞላችው። ለማርታ ስታስረክባትም ምክር ጨመረች፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ትንሽ ብርጭቆ፣ ያውም ለወጉ ያህል። እሷ ራሷ ተማሪ ሳለች አንድ ጊዜ አስቀምሰዋት፣ ያስቀመሰቻትን አስተማሪ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

ማርታ ምክሩን ለአባቷ ሳታዛንፍ ነገረችው። ደምሴ ግን ሰምቶ ሳቀ አሉ። ፈረንጅ ያለበትን ጸጋ አያውቅም፣ በትንሽ ብርጭቆ የሚጠጣ ፈውስ አይቼ አላውቅም አለ። እስቲ አሁን በዚህ ሰው ማን ይፈርድበታል? እኛ ጠበል ስንጠጣ በሊትር ነው። ሆድ እስኪነፋ፣ ዓይን እስኪፈጥ፣ አጥማቂው ‘ጨምር’ እያለ። በሲኒ ጠበል ጠጥቶ የዳነ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ስለዚህ ወዳጄ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣ፤ ምንም ሳይቀምስ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ፤ ምሥራቅ በዚያ አፓርትመንት በፍሪጁ በኩል ነው፤ አማትቦም በጆግ ጀመረ። ጥሩነሽ ነቅታ ስታየው ሦስተኛውን ጠርሙስ ይዞ ነበር። ተው አለችው፤ ሰባት ጊዜ ሳይሞላ አይቋረጥም አላት።

አራት ሰዓት ሲሆን ደረስን። ከፊት እኔና ሰይድ፣ ከኋላ ቶምና ጆይስ። ደምሴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አጥብቆ ከበሩ ተቀበለን፤ ፊቱ ግን እንደ ኖራ ነጭ ነው። ጆይስን ሶፋው ላይ አስቀመጡ፤ ቶም ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። እኔና ሰይድ እንደ ወጉ ቆምን። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «በቼልተናም ከተማ፣ ነገሥታት በሚፈወሱበት አገር፣ አንድ የተከበረ ቤት አለ» ብዬ ስጀምር፣ ደምሴ ብሔራዊ መዝሙር እንደሰማ ሰው ቀጥ ብሎ ተነሣ። ለክብር የተነሣ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሱ ግን በትናንሽ እርምጃ፣ ጉልበቶቹን ሳያለያይ በኮሪደሩ በኩል ሄደ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ተዘጋ፤ ቁልፉም ተቆለፈ።

አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ቆሜ ነው የምላችሁ። ጥሩነሽ የምትገባበት አጥታ ብስኩት ታዞራለች፤ ማርታ ጥፍሯን ትበላለች። ሰይድ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ታፈሰ፣ ከተቀመጥን ተሸነፍን፤ ከሄድን ተሸነፍን። ሰውየው ደግሞ የሚወጣ አይመስለኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። የመጨረሻዬ ብሎ ቀጥሮናል። ሳይመልስልን ቀኑ ከመሸ መልሱ እምቢ ነው፤ የማርታም ቀለበት ይመለሳል። አሰብኩ። የወጉን ሥር ከመረመርነው ሽማግሌ የሚቆመው በተጠያቂው ደጃፍ ነው። ደጃፍ ይላል እንጂ የየትኛው ክፍል ደጃፍ እንደሆነ አይልም። ሰይድን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ወደ ኮሪደሩ መራሁት፤ ከመጸዳጃው በር ፊት ለፊት፣ እሱ በቀኝ እኔ በግራ፣ እጃችንን አጣምረን ቆምን።

በሩን በአንድ ጣት መታሁና፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አልኩ።

ከውስጥ የደምሴ ድምፅ መጣ፤ ሰው ከዚህ ቦታ ድረስ ይከተላል ወይ፣ ይኼ ወግ ነው ወይ አለን። ሰይድ ወግ የሚሆነው ፊት ለፊት ቢሆን እንደነበር፣ ግን ፊቱን ስለነሣን ባለበት እንደመጣን በማር ቃል አስረዳው። ደምሴም፣ እንግዲያው ልማከርበትና ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ አለ።

«እዚያ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትማከረው?» አልኩት።

ውሃ ሲወርድ ብቻ ተሰማ።

እዚህ ላይ አፌን ፈታሁት። ያ ኮሪደር ወርዱ እንደ አውቶቡስ መተላለፊያ ነው፤ ንግግሬ ግን ለአደባባይ የሚበቃ ነበር። ከእርግቦቹ ጀመርኩ፤ መጽሐፉ ላይ ጥቂት የነበሩት እርግቦች በእኔ አፍ ሰማይ አጨለሙ። ወደ ካፒቴኑ ተሻገርኩ፤ አማች አገር እንደሚያቀና ገለጽኩ። ንጉሡን አመጣሁ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና፣ ንጉሡ ሲመጣ ውሃውን በእጇ የቀዳችለት የጆይስ ሦስተኛ ቅድመ አያት ነበረች ብዬ ቁጭ አደረግሁት። ሰይድ በቀኝ በኩል ‘እህ’ አለ፤ ከወሎ ሰው ይኼ ከባድ ተቃውሞ ነው። እኔ ግን ለቀለበቱ ስል በዚያች ሴት ዘር ላይ ሁለት ሎርዶችና አንድ ጳጳስ ጨመርኩበት።

ዞር ስል ጆይስ ከኋላዬ ቆማለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከእኔ አንድ እርምጃ ርቃ። ለአንድ አፍታ ልቤ ተነካ፤ ወጋችን ገብቷት ለልጇ ልትቆም መጣች አልኩ። ለካ ሴትዮዋ ሁለት ሽማግሌዎች ከመጸዳጃ ቤት በር ፊት ሰልፍ ይዘው ስታይ፣ እንግሊዛዊ ናትና ከሰልፉ መጨረሻ ገብታለች። ከኋላዋ ቶም ተሰለፈ። ከቶም ኋላ ጥሩነሽ በብስኩቱ ሳህን። እንዲህ ሆነን ቆምን፤ ስንቱን ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፣ ጉልበቴ ግን ሦስት ዓመት ይላል።

በመጨረሻ ማርታ ሁላችንንም በጎን ገፋ ገፋ አድርጋ አለፈችና ግንባሯን ከበሩ ላይ አሳረፈች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ጋሼ የሚሉትን ተወው። እምቢ ካልክ እምቢ ነው፣ እኔም አላገባም። ግን ምክንያቱን ለእኔ ንገረኝ። አፍረህብኝ ነው?»

ከውስጥ የመጣው ድምፅ ቅድም ከእኛ ጋር ሲሟገት የነበረው አይደለም።

«በአንቺ ማን ያፍራል፣ ልጄ» አለ። «አገሩን አገሩን ያልኩት ለክብር መስሏቸዋል። ነገ ወደዚያ ይዞሽ ይሄዳል። አንድ ቀን ታምሜአለሁ ብለሽ ብትደውዪልኝ፣ የት ብዬ ነው የምመጣው? አውሮፕላኑ አውርዶኝ ወዴት ነው የምዞረው? እኔ ከዚህ እስከ ኒው ሆፕ ያለውን መንገድ ነው የማውቀው።»

ጥሩነሽ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ማርታ ዓይኗን ጠርጋ ለጆይስ በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ አባቷ ያለውን ብቻ፣ እኔ ያልኩትን ግን አንዲት ቃል ሳትጨምር፤ ለዚህ ውለታዋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ጆይስም ለበሩ መለሰች፤ ማርታ እየተከተለች ወደ አማርኛ አመጣችው።

«ከባቡር ጣቢያው ሲወጡ ወደ ግራ ነው። ሃያ ደቂቃ በእግር። በሩ አረንጓዴ ነው። ባዶ መኝታ ቤት አለኝ፤ አስቀድመው ካልደወሉልኝ ግን አንሶላው አይነጠፍም።»

ይኼው ነው ያለችው። ሎርድ የለበት፣ ጳጳስ የለበት፣ አንዲት እርግብ እንኳ አልጠቀሰችም።

ከበሩ ኋላ፣ «ሽማግሌዎች» አለ ደምሴ። አለን አልን። «ሰጥቻለሁ።»

ጥሩነሽ እልልታውን አቀለጠችው። ሰይድ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ፤ እኔም አሜን አሜን እያልኩ፣ ወጉ ፈቅዶልኛልና ከግድግዳው ሥር ዝርግፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ቁልፉ ዞረ፤ ደምሴ ክራቫቱን እንዳጠበቀ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ። ልጁን አቀፈ፤ ቶምን አቀፈ። ቀጥሎ ጆይስን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ እሷ በታላቅ ትሕትና ‘ይቅርታ’ ብላ በክንዱ ሥር አለፈችና ገባች፤ በሩንም ቆለፈችው። እንግዲህ ተራዋ ደርሷል። የሁለቱ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ምሳ እሷ እስክትወጣ ድረስ ቆመን የጠበቅነው ነው።

ሠርጉ በሰኔ ሆነ። ስለ ሠርጉ ምንም አላጋንንም፤ በዚያን ቀን መላው ኮሎምቢያ ሃይትስ ሥራ እንዳልገባ ብቻ ልናገር። ከሠርጉ በኋላ አንድ እሑድ ከደምሴ ጋር ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ ሕሊናዬ ወቀሰኝና ልናዘዝለት ተነሣሁ። ውሃውን ከጠበል ብዙም አይርቅ ያልኩህ አጋንኜ ነው፣ የሴትዮዋን ቅድመ አያትም የፈጠርኳት እኔ ነኝ፣ በዚያ ላይ አንተን አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ያሠቃየሁህ እኔ ስለሆንኩ ይቅር በለኝ አልኩት።

ደምሴ ሰምቶኝ ሲያበቃ በጣም አዘነልኝ። ማነው አንድ ሰዓት ሙሉ የተሠቃየው ብሎ ጠየቀኝ። ውሃውማ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ለቆት ነበር አለኝ። የቀረውን ሰዓት ክዳኑን ከድኖ፣ ቂጢጥ ብሎ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ደነገጥኩ። እኔ ጉልበቴ እስኪሰበር ቆሜ ስለፋ፣ ታዲያ እዚያ ተቀምጠህ ምን ትጠብቅ ነበር አልኩት።

«ውሃውማ አልቆልኝ ነበር» አለኝ፤ «ያንተ ውሸት ነው አላልቅ ያለኝ።»